የምጽዋ ቤተ መዘክርና የአዱሊስ ነጋዴ ግልባጭ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለወደብ ከተማ ነው። በወደብ ሰውም ዕቃም አይሰነብትም፤ ባሕር ያመጣውን ደጋው ይወስደዋል፤ ደጋው ያወረደውንም ባሕር ያሻግረዋል። ስለዚህ የወደብ ከተማ ታሪኩን ለልጆቹ ለማቈየት ቢፈልግ፣ ከሚያልፈው ሁሉ ጥቂቱን ይዞ ማስቀረትና የያዘውንም ከነታሪኩ መመዝገብ ይገባዋል። ቤተ መዘክር የሚለው ስም ራሱ የሚያመለክተው ይህንኑ ነው፤ የማስታወሻ ቤት ማለት ነው እንጂ የዕቃ ማከማቻ ማለት አይደለምና።

በምጽዋ የሚገኘው የሰሜን ቀይ ባሕር ክልል ቤተ መዘክር ለዚሁ ሥራ የቆመ ነው። በውስጡ ከጥንታዊቱ ወደብ ከአዱሊስ የተገኙ ቅርሶች፣ የአገሬው ሕዝብ መገልገያዎችና የየዘመኑ የታሪክ ምልክቶች ይታያሉ። አዱሊስ ከምጽዋ በስተ ደቡብ፣ በዙላ ሰላጤ አጠገብ የነበረች የአክሱም መንግሥት በር ናት። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ እንደሚገልጸው፣ ከዚህች ወደብ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ይወጣ፣ ወደ እርስዋም ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ናስና ብረት ይገባ ነበር።

ነገር ግን የአዱሊስ ቅርስ ሁሉ በአንድ ቤት አልተሰበሰበም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1868 ዓጼ ቴዎድሮስን ለመውጋት በዙላ የወረደው የእንግሊዝ ጦር መኰንኖች ፍርስራሹን ቆፍረው ያገኙትን የእብነ በረድ ስባሪ ወደ ሎንዶን ወሰዱት። በ1906 የስዊድኑ ሚስዮናዊ ሱንድስትሮም፣ በ1907 ኢጣልያዊው ፓሪቤኒ፣ በ1961 እና በ1962 ደግሞ ፈረንሳዊው አንፍሬ ቆፈሩ። ከ2011 ጀምሮም የኤርትራና የኢጣልያ ሊቃውንት በአንድነት ሠርተዋል። ከአዱሊስ ጽሑፎች ሁሉ የሚበልጠው ግን በእነዚህ ቁፋሮዎች አልተገኘም፤ ይዘቱ ሊታወቅ የቻለው አንድ ነጋዴ ስለ ጻፈው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ዓጼ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ሒምያርን ለመውጋት በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ በአዱሊስ ከተማ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል የእብነ በረድ ዙፋን፣ ከበስተ ኋላውም የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ቆመው ነበር። በሁለቱም ላይ የግሪክ ጽሑፍ ነበረባቸው። ንጉሡ የጽሑፉን ግልባጭ እንዲልክለት የከተማውን ገዥ አስባስን አዘዘ። ገዥውም በወደቡ የነበሩትን ሁለት ነጋዴዎች፣ ኮስማስንና ሜናስን፣ ጠርቶ ሥራውን ሰጣቸው። ነጋዴዎቹም ጽሑፉን ገልብጠው አንዱን ለገዥው አስረከቡ፤ አንዱንም ለራሳቸው አስቀሩ።

ኮስማስ ሐውልቱንና ዙፋኑን የአንድ ንጉሥ ሥራ አድርጎ በማሰቡ ተሳስቷል። ሐውልቱ የግብጹ የሦስተኛው በጥሊሞስ ሲሆን፣ የዙፋኑ ጽሑፍ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የነገሠ የአክሱም ንጉሥ ድሉን የዘረዘረበት ነው። ይሁን እንጂ የተሳሳተው በሐሳቡ እንጂ በግልባጩ ስላልሆነ፣ የኋላ ሊቃውንት ስሕተቱን ለማረም የቻሉት ራሱ ጽፎ ባቈየላቸው ቃል ነው። ዙፋኑና ሐውልቱ ጠፉ፤ ግልባጩ ግን ቀረ።

ጽሑፍ ያለው ዕቃ ከስፍራው ቢነሣ እንኳ ከፊል ምስክርነቱን ይዞ ይሄዳል። በዳህላክ ከቢር ደሴት በአረብኛ የተቀረጹት የጥንት የመቃብር ድንጋዮች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ብዙዎቹ ከደሴቱ ተነሥተው በአሥመራ፣ በካይሮና በኢጣልያ በሞዴና ከተማ ይገኛሉ፤ ሆኖም የሟቹን ስምና የሞተበትን ዘመን ዛሬም ይናገራሉ። ጽሑፍ የሌለው እንስራ ግን እንዲህ ያለ አፍ የለውም። በ1990ዎቹ መካከል በጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ ከሰጠመች ጥንታዊት መርከብ የተገኙት እንስራዎች ብዙ ትምህርት የሰጡት፣ ጠላቂዎቹ ሊቃውንት የተኙበትን ስፍራ እየለኩ ስለ መዘገቡ ነው። ከዚያው ባሕር አንድ ዓሣ አጥማጅ በመረቡ ጐትቶ ያወጣው እንስራ ስፍራው ሳይጠየቅ ለቤተ መዘክር ቢሰጥ፣ መልኩ ያው ሆኖ ሳለ ከተራ ሸክላ የሚለይበት ነገር ጥቂት ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ለምጽዋ እጅግ የሚያስቸኵል ነው። ከተማይቱን በ1921 የምድር መናወጥ አፈራረሳት። በ1941 ኢጣልያኖች ከመሸነፋቸው አስቀድመው መርከቦቻቸውን በወደቡ ውስጥ አሰጠሙ፤ በ1990 የተደረገው ጦርነትም ሕንጻዎችዋን በእጅጉ ጐዳ። እንዲህ ያለ መከራ በተደጋገመበት ስፍራ ከታሪክ መረጃ ብዙው ተርፎ የሚገኘው በመንግሥት ቤት ሳይሆን በሰው ሣጥን፣ በሱቅ ማዕዘንና በመጋዘን ጣራ ሥር ነው። ከአባት የወረደ ሚዛን፣ የጉምሩክ ደረሰኝ፣ የሳንቡቅ መልሕቅ፣ በ1911 አሥመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ፋኖስ፣ የዕንቁ ጠላቂ ቢላዋ ወርቅና ብር ስላልሆኑ ባለቤቶቻቸው ከቁም ነገር አይቈጥሯቸውም። አሮጌ የንግድ መዝገብ የስኳር መጠቅለያ ሲሆን የሚያዝን ጥቂት ነው። ነገር ግን የአንድ ዓመት የጨውና የቆዳ ዋጋ፣ የተላከበት አገርና የጫነው መርከብ ስም ተጽፎ የሚገኘው በዚያ መዝገብ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ዕቃ መስጠት መልካም ሥራ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ሰጪው ማን እንደ ሆነ፣ ዕቃው ከየትና በምን ጊዜ እንደ ተገኘ፣ ለምን ሥራ ይውል እንደ ነበረ፣ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ በርክክቡ ቀን መጻፍ አለበት። ለነገ ቢባል ዕቃው ይቈይ ይሆናል፤ የሚያውቀው ሽማግሌ ግን ላይቈይ ይችላል። ይህ ደግሞ ለነጋዴና ለሹም እንግዳ ትምህርት አይደለም። ነጋዴ ያለ ዝርዝር ጭነት አይልክም፤ ሹምም ያለ ፊርማ ንብረት አይረከብም። ለአንድ ከረጢት ቡና የሚደረገው ጥንቃቄ ለአንድ ከተማ ታሪክ ቢደረግ አይበዛም።

ጽሑፉም በሁለት ግልባጭ ተዘጋጅቶ አንዱ በቤተ መዘክሩ፣ አንዱ በሰጪው ቤት ቢቀመጥ ይበልጥ ይጸናል። በአዱሊስ የተደረገው ይኸው ነበር፤ እስከ ዛሬ የደረሰውም ለገዥው የተሰጠው ሳይሆን በነጋዴው እጅ የቀረው ግልባጭ ነው።