ምሩቁ መጣ፤ ስንት ዓመት ይቆያል?

በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጥቁር ካባውን ለብሶ ፎቶግራፉን ከተነሣ በኋላ ግን ከመገናኛ እስከ ቦሌ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ የሚከርመውም እንዲሁ ብዙ ነው። በሌላ በኩል በዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሂሳብ ወይም የፊዚክስ አስተማሪ ለቆ ምትኩ እስኪገኝ ድረስ ክፍለ ጊዜው ባዶውን የሚያልፍበት ትምህርት ቤት አለ። ታዲያ ሁለቱን ማገናኘት ምን ያስቸግራል? ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ሻይ ሲጠጣ ይነሣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በአገራችንም በውጭ አገርም ተሞክሯል። ሙከራው ምን እንዳሳየ ማወቅ ደግሞ መምህርነትን ብለን ለመጣነውም ለምናሠለጥነውም አስፈላጊ ነው፤ ምሩቁ የሚመደበው ከእኛው አጠገብ ባለው ክፍል ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት እንበል። ቦሌ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው አውሮፕላን ማረፊያውና ረጃጅሙ ሕንፃ ነው። የቦሌ ተማሪ ሁሉ በመኪና የሚመላለስ የሚመስለውም አለ፤ ጠዋት በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ለቆመ ሰው እውነትም ይመስለዋል። ወደ ገርጂና ወደ ጎሮ ጓሮ ጓሮውን ለሄደ፣ ወደ ቡልቡላ ለወረደ፣ ወይም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በኩል ቦሌ አራብሳ ድረስ ለዘለቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የምናገኘው ልጅ እናቱ ጉልት የምትቸረችር፣ አባቱ በሕንፃ ሥራ የቀን ሠራተኛ የሆነ፣ ወይም በመሐል ከተማ የነበረው ሠፈሩ ፈርሶ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኮንዶሚኒየም የመጣ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ መጀመሩ ለመምህሩም ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ሆዱ የሞላ ልጅም ቢሆን አስተማሪ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በአገራችን የዚህ ሙከራ ትልቁ ምሳሌ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል የነበረው ነው። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ሕጉ አጭር ነበር፤ የዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወጥቶ አገሩን ያገልግል የሚል ነው። አብዛኞቹ የተመደቡት በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች በአስተማሪነት ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1955 ዓ.ም. መባቻ፣ ከ250 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በተለይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀምረው ነበር። እነዚያም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከኮሌጅ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ወጣቶች ነበሩ።

የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት በአብዮቱ ጊዜ ቀረና በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተተካ። ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ አንገባበትም። ስለ አገልግሎቱ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቀው ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ፤ ተመልሶም ለጓደኞቹ አወራ። ለሄደው ሰው ትልቅ ትምህርት ነበር። ለተማሪውስ? ይህን ለመመለስ የትምህርት ዓመቱን በወር በወር ማሰብ ይበቃል። አዲስ አስተማሪ መስከረምን ስም ሲያጠና ያሳልፋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ተማሪው ይፈትነዋል፤ ማን ይጮኽበታል፣ ማን ይስቅበታል። ከጥር በኋላ ድምፁን መቆጣጠር፣ ሰሌዳውን መከፋፈል፣ ጥያቄ መጠየቅ ይለምዳል። መጋቢት ላይ እውነተኛ ማስተማር ይጀምራል። ሰኔ ላይ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል! በመስከረም ሌላ ይመጣል፤ ከስም ጥናት ይጀመራል።

በውጭ አገር ይህን ነገር በሰፊው ያስኬደው ቲች ፎር አሜሪካ የተባለው ድርጅት ነው። ዌንዲ ኮፕ የተባለች የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ ሐሳብ ላይ ጻፈች፤ በተከታዩ ዓመት ወደ 500 የሚጠጉ ምሩቃን በድሃ ሠፈርና በገጠር ትምህርት ቤቶች ገቡ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ብርቱ ብርቱውን ይመለምላል፤ በክረምት ለጥቂት ሳምንታት ያሠለጥናል፤ ከዚያ ለሁለት ዓመት ይመድባል። በ2002 እንግሊዞች ቲች ፈርስት ብለው በለንደን ተመሳሳዩን አቋቋሙ። በ2007 ደግሞ የልዩ ልዩ አገሮችን ድርጅቶች የሚያገናኝ ኅብረት ተመሠረተ። በአገራችንም ቲች ፎር ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በዚሁ መንገድ ምሩቃንን ለሁለት ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሰማራል።

ውጤቱ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን ብቻ እየመዘዘ ያወራልና። በ2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ተማሪዎችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ በምሩቃኑ የተማሩትንና በዚያው ትምህርት ቤት በሌሎች መምህራን የተማሩትን አወዳደረ። በሂሳብ የምሩቃኑ ተማሪዎች የአንድ ወር ትምህርት ያህል በለጡ፤ በንባብ ግን ልዩነት አልተገኘም። በተከታዩ ዓመት የስታንፎርዷ ሊንዳ ዳርሊንግ ሐመንድና ባልደረቦቿ በሂዩስተን ከተማ ባደረጉት ጥናት ደግሞ የሙያ ማረጋገጫ ያልያዙት ምሩቃን ማረጋገጫ ከያዘው መምህር አነሱ። ኋላ ሥልጠናውን አሟልተው ማረጋገጫውን ያገኙት ግን ከሌላው ጋር ተስተካከሉ።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላሉ። ኧረ አይጣሉም! የመጀመሪያው ያወዳደረው በእነዚያ ድሃ ትምህርት ቤቶች ከተገኘው መምህር ጋር ነው፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ በቂ ሥልጠና አልነበራቸውም። ሁለተኛው ያወዳደረው ከሠለጠነ መምህር ጋር ነው። ስለዚህ ብሩህ ምሩቅ ከባዶ ክፍልም፣ ካልሠለጠነ ሰውም ሊሻል ይችላል፤ ከሠለጠነ መምህር ግን የሚስተካከለው ሲሠለጥን ነው። «ዲግሪ ካለው ማንም ያስተምራል» የሚሉትም፣ «እነዚህ ሰዎች ከደጃፋችን አይድረሱ» የሚሉትም ይህን ሳያዩ ነው። በተጨማሪም በአሜሪካ እንደተጠናው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ከተመደቡበት ትምህርት ቤት ይለቃሉ። በእኛ መሰናዶ ብናስበው፣ ልጁ 5ኛ ክፍል ያገኘው የሂሳብ አስተማሪ 7ኛ ክፍል ሲገባ የለም ማለት ነው።

የመንግሥት አሠራርም ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ቀድሞ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚሠለጥነው ሰው የትምህርቱን ዓይነትና የማስተማር ዘዴውን ጎን ለጎን ይማር ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአንድ የትምህርት ዓይነት ዲግሪ የያዘውን ሰው ተቀብሎ በአንድ ዓመት ገደማ የማስተማር ሙያ የሚጨምርለት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ፣ በተለምዶ ፒጂዲቲ የሚባለው፣ መጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነበር። ጥናቶች እንዳሳዩት ግን ብዙዎቹ የገቡት ሌላ ሥራ ስላጡ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ክፍል ውስጥ ሆኖም የሥራ ማስታወቂያ ያነባል። እኔ አልፈርድበትም፤ የቤት ኪራይ አለበት፤ ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፎ ነው የሚመጣው።

ሠልጣኞችን ለልምምድ ማስተማር ይዤ ከሄድሁባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ የፊዚክስ ምሩቅ አገኘሁ። ትምህርቱን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ክፍሉ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ጻፈ፤ ተማሪዎቹም ጻፉ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ጠበቀች፣ ጠበቀችና አወረደችው። ደወል ሲደወል «ገብቷችኋል?» አለ። «አዎ ቲቸር!» አሉት ባንድ ድምፅ። ከክፍል ስንወጣ ቀስ ብሎ «ምንም አልገባቸውም አይደል?» አለኝ። ማወቁ ደስ አሰኘኝ። «ማን ያግዝሃል?» ብለው «ማንም። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሰጡኝ፣ ጠመኔ ሰጡኝ፣ ክፍሉን አሳዩኝ» አለ። ታኅሣሥ ላይ ባንክ ቤት ገባ አሉ። ያ ክፍል እስከ የካቲት ድረስ ፊዚክስ አልተማረም።

ይህን ሰው ማን አባረረው? ደመወዝ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ነገር ግን መስከረም ላይ አንድ የቆየ መምህር አጠገቡ ቢቀመጥ ኖሮ እንዲህ ቶሎ ተስፋ ይቆርጥ ነበር ወይ? ሌላም አለ። አዲስ መምህር ሲመጣ ማንም የማይፈልገውን ክፍል መስጠት የተለመደ ነው፤ የበዛው ተማሪ፣ የበዛው ክፍለ ጊዜ ለእሱ ነው። የቆየው ደግሞ የአገልግሎት ዘመኑ ሲደርስ ዝውውር ጠይቆ ወደ መሐል ከተማ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ዳር ዳር ያሉት ትምህርት ቤቶች የጀማሪ መለማመጃ ሆነው ይቀራሉ። ምልመላው ቢሳካም ባይሳካም ይህ ካልተለወጠ የአራብሳ ልጅ የሚያየው በየዓመቱ አዲስ ፊት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ መልማዮቹን የምጠይቃቸው «ስንት ምሩቅ አመጣችሁ?» ብዬ አይደለም፤ «ባለፈው ዓመት ያመጣችሁት የት አለ?» ብዬ ነው።

እናንተ ሠልጣኞች በመስከረም ስትመደቡ እንዲህ ያለ ምሩቅ ከጎናችሁ ይገኝ ይሆናል። ምናልባት ያኮርፋችኋል፤ ምናልባትም እናንተ ታኮርፉት ይሆናል። የትምህርት ዕቅድ ደብተራችሁን አውሱት። እንዴት እንደሚሠራ በቃል ከምታስረዱት ይልቅ አንድ ቀን ክፍላችሁ ገብቶ ይይ፤ እናንተም የእሱ ክፍል ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ፤ እጇን አውጥታ የምታወርደውን ልጅ አሳዩት። ዩኒት መሪውንም «ለዚህ ሰው ሦስት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት» ብላችሁ ጠይቁለት፤ ባይሆን እንኳ አንድ ይቀነስለታል። በሁለተኛው መስከረም ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ያስቸገራችሁን የትምህርት ክፍል ይዛችሁ ሂዱና እንዲያስረዳችሁ ለምኑት፤ ፊዚክሱን ከእኛ ይበልጥ ያውቃልና።