ሦስት ጠቅታ፣ ሰባት ምርጫ፣ አምስት ሰው፦ ከጅግጅጋ ሆኖ ሲታይ

«ሕዝቡ ገና አልለመደም።» ለሶማሌ ክልል ደንበኞች ተብሎ የተሠራ ድረ ገጽ ተጠቃሚ ሲያጣ መጀመሪያ የሚሰማው ምክንያት ይህ ነው። ጅግጅጋ ገበያ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያው ከተማ ያደረገው ሸበሌ ባንክ ገና ማይክሮፋይናንስ ተቋም ሳለ ሄሎካሽ በተባለው የሞባይል አገልግሎት ገንዘብ ማንቀሳቀስ አስጀምሮ ነበር፤ ቴሌብር ሥራ የጀመረው ከዚያ ዓመታት ቆይቶ በግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከቶጎ ውጫሌ ድንበር ማዶ፣ ሐርጌሳ ላይ፣ ዛድ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ከ2009 ጀምሮ ይሠራል። በስልኩ ገንዘብ ልኮ፣ ተቀብሎና ቆጥሮ የኖረ ነጋዴ አንድ የማመልከቻ ቅጽ ላይ ሲደርስ ከቆመ፣ ልምድ ጎደለው ከማለት በፊት ቅጹን ማየት ይቀድማል።

ሂዩማን ፋክተርስ የሚባለው፣ መሣሪያ ለሰው እንዲስማማ የሚያጠናው ዘርፍ ያደገውም ከዚህ ዓይነት ክርክር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣዮች በሰላም ካረፉ በኋላ በሆዳቸው እየተኙ አስቸገሩ። አብራሪዎቹ የክንፉን ፍላፕ የሚመልሱ መስሏቸው ጎማውን ያጥፉት ነበር። ጥፋቱ የአብራሪ ተባለ። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ ግን ወደ አብራሪው መቀመጫ ሄዶ ሲያይ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ሲዳሰሱም አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። በአንደኛው ላይ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ላይ የፍላፕ ቅርጽ ማድረጉ ለችግሩ በቂ መፍትሔ ሆነ። በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ «የአብራሪ ስህተት» የተባሉ 460 ገጠመኞችን ሰብስበው ሲመረምሩ አብዛኞቹ ከመሣሪያው አሠራር ጋር የተያያዙ ነበሩ። «ላክ» እና «ሰርዝ» የሚሉ አዝራሮችን በአንድ ቀለም፣ በአንድ ልክ፣ አጠገብ ለአጠገብ የደረደረ ድረ ገጽ ያንኑ የቢ-17 ስህተት እየደገመ ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ ጥናት ስም የወጡ፣ ጥናቱ ግን ያላላቸው ሕጎችም አሉ። እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ የሦስት ጠቅታው ነው፦ ተጠቃሚ ሦስቴ ጠቅ አድርጎ የፈለገውን ካላገኘ ጥሎ ይሄዳል ይባላል። ጆሹዋ ፖርተር በ2003 ይህን ፈትሿል። 44 ሰዎች 620 ተግባራት ሲሞክሩ፣ የጠቅታው ብዛት ከመሳካትም ሆነ ከመርካት ጋር ዝምድና አልተገኘለትም። ሰው የሚሸሸው መንገዱ ትክክል መሆኑን ሲጠራጠር ነው፤ ደግሞም ሲጠብቅ። አሥር ሰከንድ ካለፈ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር እንደሚሄድ ከ1968ቱ የሮበርት ሚለር ጽሑፍ ጀምሮ ይታወቃል።

ሕጉን ለማክበር ሲባል ግን ሁሉም ነገር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታጨቃል፦ ተንሸራታች ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የሥራ አስኪያጁ መልእክት። ሒሳቡን እንሥራው። 5 ሜጋባይት የሆነ ገጽ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያመጣ ኔትወርክ ላይ 40 ሰከንድ ይፈጃል። 100 ኪሎባይት የሆነ፣ በአብዛኛው ጽሑፍ የሆነ ገጽ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ቀብሪበያህ ላይ ኔትወርኩ ደከም ባለ ሰዓት አምስት ጊዜ ጠቅ ማድረግ በቀላል ገጾች አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ አንዷ ከባድ ገጽ ግን የሰውየውን ትዕግሥትም የዳታ ጥቅሉንም ትጨርሳለች።

አንድ ዝርዝር ከሰባት ምርጫ አይብለጥ የሚለውም ሕግ እንዲሁ ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 ስለ ሰባት ሲደመር ሲቀነስ ሁለት የጻፈው ሰው በአእምሮው ስለሚይዘውና ለይቶ ስለሚያውቀው ነገር እንጂ ስለ ድረ ገጽ ዝርዝር አልነበረም። ዓይኑ ፊት ያለውን ዝርዝር ማንም በቃሉ አይዝም። የማስታወስ ጣጣ ያለው በአጭር መልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ላይ ነው፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲኬድ ይጠፋል። ኔልሰን ኮዋን በ2001 እንዳሳየው በአንዴ በደንብ የሚያዘው አራት ያህል ነገር ብቻ ነው። ስድስት አሃዝ የሚልክ ድርጅት ቢያንስ ሦስት ሦስት አድርጎ ይከፋፍለው፤ ሲገለበጥም ክፍተቱ እንዳያስቸግር ቅጹ ይቻለው።

በቀላል ስልክ በኮከብና በመሰላል በሚከፈተው ዝርዝር ላይ ገደቡን የሚያበጀው ባይት ነው። አንድ የዩኤስኤስዲ መልእክት 160 ባይት ይይዛል፤ ይህም በላቲን 182 ሆሄ፣ በግዕዝ ፊደል 80 ያህል ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ሶማልኛ ደግሞ ረጅም አናባቢን ደርቦ ስለሚጽፍ፣ ልዩነቱ ቁጥሩ እንደሚመስለው አይሰፋም። ቢሆንም በአማርኛ የተዘጋጀ ዝርዝር ቶሎ ይሞላና ወደ ቀጣዩ ይገፋል። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው እዚያ ሳይደርስ ጊዜው አልቆ ሊዘጋበት ይችላል።

«ለማያነብ ሰው ሥዕል አድርግለት» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ኢንድራኒ ሜዲ እና ባልደረቦቿ በማይክሮሶፍት ሪሰርች ሕንድ ሆነው ማንበብ ከማይችሉ ሰዎች ጋር ሲሠሩ ጽሑፍ የሌለበት ገጽ ተመራጭ እንደነበረ አይተዋል። ግን ድምፅ ሲጨመርበት ነው የሚሠራው፤ ምርጫ ከምርጫ ሥር እየተደበቀ የሚሄድ ዝርዝርም ትልቅ መሰናክል ነበር። ብዙዎቹም ቃል ባያነቡ አሃዝ ይለያሉ። የጥርሳም ማርሽ ሥዕል «ማስተካከያ» ማለት መሆኑን ማንም አውቆ አልተወለደም።

ስለ ቋንቋ ሲነሳ ደግሞ «ሶማልኛ ትርጉም ከጨመርን አለቀ» ይባላል። ትርጉሙ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከ1972 ወዲህ ሶማልኛ የሚጻፍበት የላቲን ሥርዓት «ሐ»ን በኤክስ፣ «ዐ»ን በሲ ይጽፋል። ስለዚህ ሐሰን ዐሊ የሚባል ሰው ትምህርት ቤት በሶማልኛ ሥርዓት አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ ልማድ ሌላ ዓይነት፣ የአማርኛ መዝገብ ላይ ምናልባት በ«ሀ»ና በ«አ» ተጽፎ ይገኛል። ሆሄ በሆሄ የሚያመሳክር ሥርዓት «አልተገኘም» ይለዋል። በዚያ ላይ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ ሶማሌውም አማራውም የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ቆሞ የትኛውን እንደሚጽፍ ይገምታል። ሦስት ሳጥን ማስቀመጥና ፍለጋው ተቀራራቢ አጻጻፎችን እንዲያቀርብ ማድረግ ለአንድ ፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም።

የመጨረሻው፣ «በአምስት ሰው ፈትነናል» የሚለው ነው። ጄኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ያወጡት ስሌት እያንዳንዱ ተፈታኝ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ያሳያል ከሚል ግምት የሚነሣ ነው፤ አምስት ሰው 85 በመቶ ገደማ የሚደርሰውም በዚያ ግምት ነው። ኒልሰን ራሱ ተጠቃሚዎቹ የተለያዩ ከሆኑ ከየወገኑ ሦስት አራት ሰው ይፈተን ይላል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ያሉ አምስት ባልደረቦች አንድ ወገን ናቸው። የጅግጅጋ የሞባይል ገንዘብ ወኪል፣ የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ፣ ቀብሪበያህ መጠለያ ሆኖ የዘመድ ሐዋላ የሚጠብቅ ስደተኛ፣ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እነዚህ አራት ወገኖች ናቸው። ፈተናውም በየራሳቸው ስልክ፣ በየራሳቸው ጥቅል፣ ቀትር ላይ ከቤት ውጭ ይሁን። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል። ዛሬ ፋሽን የሆነው በነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው፤ ጅግጅጋ ፀሐይ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይነበብም።