የማኅበር አባልነትና የሞተር ሳይክል መድን፦ ዕድሜው ለገፋ አሽከርካሪ ምን ያተርፋል?

በአሜሪካ ሞተር ሳይክል የወጣቶች ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእውነታው ጋር ከተለያየ ቆይቷል። የአገሪቱ የሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ያካሄዳቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የባለንብረቶቹ መካከለኛ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሾቹ ከእርሱ በታች ግማሾቹ ደግሞ ከእርሱ በላይ የሚሆኑበት ዕድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት 32 ዓመት ተነሥቶ በ2018 ወደ 50 ከፍ ብሏል። ሃምሳ ዓመት ደግሞ ኤኤአርፒ የተባለው ግዙፍ የአንጋፋ ዜጎች ማኅበር ሰዎችን ለአባልነት የሚጋብዝበት ዕድሜ በመሆኑ፣ ብዙ አሽከርካሪዎች የማኅበሩ ስም ያረፈበትን መድን መግዛት ይበጃቸው እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም።

ጥያቄውን በአግባቡ ለመመለስ እንዲህ ያለው መድን ከምን ችግር እንደተወለደ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤኤአርፒን እ.ኤ.አ. በ1958 የመሠረቱት በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩት ኤቴል ፐርሲ አንድሩስ ሲሆኑ፣ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብለው የጡረተኛ መምህራን ማኅበር አቋቁመው ነበር። በዚያ ዘመን መድን ሰጪ ድርጅቶች አረጋውያንን እንደ ኪሳራ ምንጭ ስለሚቆጥሯቸው ጡረተኛ መምህር የጤና መድን የሚሸጥለት አያገኝም ነበር፤ አንድሩስ በብዙዎች ስም ተደራድረው ፈቃደኛ የሆነ ድርጅት ሲያገኙ፣ ለብቻው የሚከለከለው ሰው በቡድን ሲሆን ተቀባይነት አገኘ። የቡድን መድን ትልቁና የማያጠራጥረው ጥቅም ይህ ነው። የዛሬው የ60 ዓመት ሞተረኛ ግን በዚያ ሁኔታ ላይ አይገኝም፤ ልምድ ያካበተ፣ ንጹሕ የመንጃ ታሪክ ያለውና በእረፍት ቀናት ብቻ የሚነዳ ደንበኛ በመሆኑ መድን ሰጪዎች ይሻሙበታል፣ ለመድን የሚከፈለው ዓረቦንም በአብዛኛው ለሃያ ዓመት ወጣት ከሚጠየቀው በእጅጉ ያንሳል። ማኅበሩ የከፈተው በር ለእርሱ መጀመሪያውኑ አልተዘጋም።

ሌላው በግልጽ መታወቅ ያለበት ነገር የማኅበሩ ሚና ነው። በአገራችን እድር አባላት ያዋጡትን ገንዘብ ራሱ ሰብስቦ፣ ችግር ለደረሰበት አባል ራሱ ያወጣል፤ ኤኤአርፒ ግን መድን ሰጪ አይደለም፣ አደጋ ሲደርስም ካሳ የሚከፍለው እርሱ አይደለም። ስሙን ለመድን ድርጅቶች በስምምነት ያውሳል፣ ስለ ስሙም ክፍያ ይቀበላል፤ ይህ ክፍያ ከአባላት ዓመታዊ መዋጮ የሚበልጥ የማኅበሩ ዋነኛ የገቢ ምንጭ ነው። በዚህም የተነሣ በአንድ ስም ሥር የተለያዩ ድርጅቶች ይሠራሉ፦ የአባላቱን የመኪና መድን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የያዘው ዘ ሃርትፎርድ ሲሆን፣ በማኅበሩ ስም የሞተር ሳይክል መድን ለዓመታት ሲሸጥ የቆየው ግን በሚሺጋን የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2000 ፋርመርስ በተባለ መድን ሰጪ የተገዛው ፎርሞስት ነው። ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የቆመው ዩኤስኤኤ ሳይቀር፣ ለመኪና ራሱ መድን እየሰጠ ሞተር ሳይክል ሲሆን አባላቱን በቅናሽ ወደ ሌላ መድን ሰጪ፣ ወደ ፕሮግሬሲቭ፣ ይመራል። ስለዚህ በመኪናው መድን የረካ አባል ተመሳሳይ መስተንግዶና ተመሳሳይ ውል ለሞተሩም እንደሚጠብቀው መገመት የለበትም፤ ይህ ግምት ብዙዎችን የሚያሳስት ነው።

የአንጋፋው አሽከርካሪ እውነተኛ ሥጋት ከዓረቦኑ መጠን ሌላ ቦታ ይገኛል። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከአደጋ በኋላ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሞተረኞች ቁጥር፣ ከተጎጂዎቹ አንጻር ሲታይ፣ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ካሉት ሦስት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይተዋል፤ አጥንት በዕድሜ መሳሳቱ፣ ሰውነት ጉዳትን የመቋቋም ኃይሉ መቀነሱ፣ ነባር ሕመሞች መኖራቸውና አንጋፎች ትልልቅ ሞተሮችን መምረጣቸው በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። እንዲህ ከሆነ፣ በዓመት ጥቂት አሥር ዶላሮችን የሚያድን ቅናሽ ከመፈለግ ይልቅ፣ የአሽከርካሪው አካል ሲጎዳ ማን እንደሚከፍል መመርመር እጅግ ይበልጣል።

ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን በአሽከርካሪው ጥፋት ሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ብቻ የሚከፍል ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ተጎጂ 30,000፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሁሉ 60,000 ዶላር ሆኗል። አሽከርካሪውን ራሱን የሚጠብቁት ሌሎች ሁለት ሽፋኖች ናቸው። አንደኛው፣ ጥፋተኛው መድን የሌለው ወይም ያለው መድን የማይበቃ ሲሆን የሚከፍለው ሽፋን ነው፤ በአሜሪካ መንገዶች ከሰባት አሽከርካሪዎች አንዱ ገደማ ያለ መድን ስለሚነዳ ይህን መተው አደገኛ ቁጠባ ነው። ሁለተኛው ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን የሕክምና ወጪን የሚሸፍነው ነው። እዚህ ላይ የፍሎሪዳ ሁኔታ ሊጠቀስ ይገባል፤ በዚያ ግዛት መኪና ያለው ሰው ግዴታ ሆኖ የሚገዛው የራስ ጉዳት ሽፋን ሞተር ሳይክል ላይ ሳለ አያገለግለውም፣ ከ21 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለ ሄልሜት ለመንዳት ደግሞ ቢያንስ የ10,000 ዶላር የሕክምና ሽፋን ሊኖረው ይገባል። በሚሺጋን ተመሳሳዩ ገደብ 20,000 ዶላር ነው። ሁለቱም መጠኖች ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ሰው ብዙ አያራምዱም።

ዕድሜው 65 የሞላ ሰው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ስላለው ይህ ሁሉ አያስፈልገኝም ሊል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። በሕጉ መሠረት የተሽከርካሪ መድን ባለበት ጉዳይ ሜዲኬር ሁለተኛ ከፋይ ነው፤ የካሳው ጉዳይ ሲጓተት አስቀድሞ ቢከፍል እንኳ፣ ካሳው ሲገኝ ያወጣውን መልሶ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ፣ ዳሌው የተሰበረ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ለወራት የሚያስፈልገውን ምግብ የማብሰል፣ ቤት የማጽዳትና ገላ የማጠብ እገዛ፣ ሌላ የሕክምና ክትትል ካልተጨመረበት፣ ሜዲኬር አይሸፍንም። ዘ ሃርትፎርድ በማኅበሩ የመኪና መድን ውስጥ ለእንዲህ ያለ የቤት ውስጥ እገዛ የሚከፍል ድንጋጌ አካቷል። ለአረጋዊ ተብሎ የታሰበ እውነተኛ ጥቅም ቢባል እንዲህ ያለው ነው፤ በሞተር ሳይክሉ ውል ውስጥ ስለ መኖሩ ግን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ንብረቱን በሚመለከት፣ በዕድሜ ብዛት ዋጋው የጨመረ ወይም በብዙ ወጪ ያጌጠ ሞተር ያለው ሰው፣ ካሳው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ የሚሰላበትን ውል ቢመርጥ ይሻለዋል። ሚዛን መጠበቅ ከብዶት ወደ ባለሦስት ጎማ የተሸጋገረ አሽከርካሪም ውሉ ይህን ዓይነት ሞተር መቀበሉን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ ሲታይ ለሞተር ሳይክል መድን ብቻ ሲባል የማኅበር አባል መሆን ብዙ አያተርፍም፤ የዕድሜና የልምድ ቅናሽ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን የሚያዘጋጀውን ዓይነት ሥልጠና ለወሰደ ሰው የሚሰጠው ቅናሽ ያለ አባልነትም ይገኛሉና። በሌላ ምክንያት አባል የሆነ ሰው ግን የማኅበሩን አቅርቦት ቢያንስ ከሁለት ሌሎች ድርጅቶች ጋር፣ የሽፋን መጠኑንና ከኪሱ የሚከፍለውን ድርሻ ፍጹም እኩል አድርጎ፣ ሊያወዳድር ይገባል። ዓረቦን 70 ዓመት ገደማ ሲደረስ እንደገና መጨመር የሚጀምርበት ጊዜ ስላለ፣ ሲያወዳድር ድርጅቱ ውሉን በዕድሜ ምክንያት ላያድስ ይችል እንደሆነና ዋጋው በ75 ዓመቱ ስንት እንደሚሆን ጭምር ይጠይቅ። የማኅበሩ ውል በዚህ በኩል እንደማይሰረዝ ዋስትና የሚሰጥ ሆኖ ከተገኘ፣ ለዚያ ጥቂት ተጨማሪ ዶላር መክፈል ያዋጣል።