በተራራ ላይ የብስክሌት መንገድ ስለ መሥራት ሙያና ስለ ትምህርቱ

በአስመራና በመቀሌ ብስክሌት የማይወድ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በፈረንሣይ አገር በሚደረገው ታላቅ የብስክሌት ውድድር ሦስት ጊዜ ቀድሞ ገብቶ አረንጓዴውን ልብስ በለበሰ ጊዜ፣ ደስታው የዘመዶቹ ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ ብስክሌት እንጀራ የሚያበላው ለውድድር የሚሮጠውን ጐበዝ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስሙ በጋዜጣ ስለማይወጣ ሠራተኛ ነው፤ ይኸውም በተራራ ላይ ለብስክሌት የሚሆን ቀጭን መንገድ እየቀየሰና እየቈፈረ የሚኖር ባለ ሙያ ነው። ይህ ሙያ ዛሬ በኮሌጅ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል።

ለተራራ የሚሆነው ብስክሌት የተጀመረው በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ፣ በማሪን አውራጃ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ጥቂት ወጣቶች ጐማቸው ወፍራም የሆነ አሮጌ ብስክሌቶችን እያደሱ በተራራ ቁልቁለት ይሽቀዳደሙ ጀመር። ከቁልቁለቶቹ አንዱ እጅግ ከባድ ስለ ነበረ፣ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ያልቅ ነበር። ከውድድሩም በኋላ ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ሆነ። ስለዚህ ቦታውን ‹‹ሪፓክ›› አሉት፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። የመጀመሪያው የሪፓክ ውድድር የተደረገው በ1976 ነው።

ጨዋታው እየሰፋ በሄደ ጊዜ ጠብ ተነሣ። እግረኞችና ፈረሰኞች፣ ብስክሌተኛ ያስደነግጠናል፣ መንገዱንም ያበላሽብናል ብለው አቤት አሉ። በብዙ ቀጫጭን መንገዶች ላይም ብስክሌት ተከለከለ። በዚህ ምክንያት በ1988 በካሊፎርንያ ያሉ ክበቦች ተሰብስበው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ የተጠቀመበት መከላከያ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ የማይበላሽ መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናትና ማስተማርም ነበር። በእኔ አስተያየት ሙያው የተወለደው ከዚህ ነው።

በተራራ ላይ ላለ ቀጭን መንገድ ትልቁ ጠላት የብስክሌቱ ጐማ ሳይሆን የዝናብ ውሃ ነው። መንገዱ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ የወረደ እንደ ሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን አግጥጦ ይተወዋል። ብስክሌተኛውም ድንጋዩን ሲሸሽ በዳር በዳር ሣሩን ይረግጣል፤ አንዱ መንገድ ሦስትና አራት ይሆናል፤ ተራራውም ይቈስላል። ስለዚህ ባለ ሙያዎቹ ያወጧቸው ደንቦች አሉ። አንደኛው የእኩሌታ ደንብ ይባላል፤ የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጐን ቁልቁለት ከግማሹ መብለጥ የለበትም ማለት ነው። የተራራው ጐን በ100 ሜትር 20 ሜትር የሚወርድ ቢሆን፣ መንገዱ በ100 ሜትር ከ10 ሜትር የበለጠ አይወርድም። የመንገዱም ወለል ወደ ገደሉ ወገን 5 በመቶ ያህል እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ ውሃው መንገዱን ተከትሎ በመሮጥ ፈንታ ተሻግሮት እንዲያልፍ ነው። ደግሞም በቁልቁለቱ መካከል አልፎ አልፎ አጭር አቀበት ይሠራል፤ ውሃ አቀበት ስለማይወጣ እዚያ ሲደርስ ከመንገዱ ይወጣል። (አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎች፦ አቀበትና ቁልቁለት አንድ ቦታ ናቸው፤ ስሙን የሚለውጠው መንገደኛው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።)

በደቡብ ኢትዮጵያ ያለውን፣ በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ይህ ዕውቀት ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ ገበሬው ውሃው ከእርሻው እንዲቈይለት ሲደክም፣ መንገድ ሠሪው ቶሎ እንዲሄድለት መድከሙ ነው። ሁለቱም ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት የተዳፋቱን ልክ በማወቅ ነው።

መሣሪያዎቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፑላስኪ የሚባለው በአንድ ወገን መጥረቢያ፣ በሌላው ወገን እንደ ዶማ የሆነ ነው። ስሙን ያገኘው ከኤድዋርድ ፑላስኪ ነው፤ ይህ ሰው በ1910 በአይዳሆ ታላቅ የደን እሳት በተነሣ ጊዜ ከእርሱ ጋር የነበሩትን ሠራተኞች ወደ ማዕድን ዋሻ አስገብቶ አብዛኞቹን ከሞት ያዳነ የደን ጠባቂ ነበር። ዛሬ አነስተኛ የመቈፈሪያ መኪናም ተጨምሯል፤ የመጨረሻውን ማስተካከያ የሚሠራው ግን አሁንም የሰው እጅ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ዘመን የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች፣ በዕረፍት ቀን ነበር። ወደ ደመወዝ ሥራ መለወጡ በጉልህ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዷ በአርካንሳስ ሰሜን ምዕራብ ያለችው ቤንቶንቪል ናት። ከተማዋ ሳም ዋልተን በ1950 ትንሽ ሱቅ የከፈተባት፣ ዛሬም የዎልማርት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ናት። ከ2007 ጀምሮ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች የብስክሌት መንገድ ይሠራ ጀመር። ብስክሌት ወዳዶች የሆኑት የሳም ዋልተን የልጅ ልጆችና የቤተ ሰቡ በጎ አድራጎት ድርጅትም ብዙ ገንዘብ አወጡበት። መንገዱ ሲበዛ የሚጠግነው፣ ብስክሌቱ ሲበዛ የሚያድሰው ሰው ጠፋ። ስለዚህ የሰሜን ምዕራብ አርካንሳስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ2020ዎቹ መጀመሪያ የብስክሌት ጥገናንና የመንገድ ሥራን በሙያነት ማስተማር ጀመረ። ተማሪው መንገድ መቀየስን፣ መሥራትንና መጠገንን ይማራል፤ ትምህርቱም የሚፈጸመው በመማሪያ ክፍል ብቻ ሳይሆን አካፋ ይዞ በጫካ ውስጥ ነው።

በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ የካፒላኖ ዩኒቨርስቲ ከዚህ ቀደም ብሎ የተራራ ብስክሌት ሥራ አመራር የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። በዚያ መንገድ መሥራት ከእንግዳ መቀበልና ከንግድ ትምህርት ጋር ተጣምሮ ነበር። ነገሩ ትክክል ነው፤ መንገዱን የሠራ ሰው እንግዳ መምራትን፣ የቈሰለ መርዳትንና ሒሳብ መያዝን ካላወቀ፣ ከቱሪስቱ ገንዘብ የሚደርሰው የአካፋው ዋጋ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ምን ያህል ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ስለ ሰሜን ምዕራብ አርካንሳስ የወጣ አንድ ጥናት፣ ብስክሌት በ2017 ለአካባቢው 137 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጥቅም እንዳስገኘ ገምቷል። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጠው ክፍል በጤና የተገኘ ጥቅም ተብሎ በግምት የተቈጠረ ነው፤ ከውጭ የመጡ ቱሪስቶች ያወጡት 27 ሚሊዮን ያህል ነው። ጥናቱንም ያስጠናው መንገዶቹን በገንዘብ የሚረዳው ያው የዋልተን ቤተ ሰብ ድርጅት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ለሠራተኛው ቤት ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። መንገድ የሚሠሩ ኩባንያዎች አንድ ሥራ ሲፈጽሙ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ሠራተኛውም አብሮ ይዞራል። ለወጣት ላጤ ይህ ደስታ ነው፤ ሚስትና ልጆች ላሉት ግን መለያየት ነው። በቤንቶንቪል ቤት ለሚፈልግም የቤት ዋጋና ኪራይ እጅግ ተወዷል፤ ከተማዋን ተፈላጊ ካደረጓት ነገሮች አንዱም ራሱ ያ መንገድ ነው። ስለዚህ ከኮሌጁ ለሚወጣ ባለ ትዳር የሚሻለው አዲስ መንገድ የሚቈፍር ኩባንያ ሳይሆን፣ የተሠራውን ዓመቱን ሙሉ የሚያስጠብቅ ማዘጋጃ ቤት ወይም የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ሥራ ብዙ ዝና የለም፤ ዝናብ ሲጥል ወጥቶ ውሃው የቱ ጋ እንደ ተኛ አይቶ፣ በማግሥቱ አካፋ ይዞ መመለስ ነው። ማታ ግን ከልጆቹ ጋር ራቱን ይበላል።