የአሜሪካ የመብት ድንጋጌዎች፦ ተረትና እውነታ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ገና ሲጻፍ ጀምሮ የመናገር፣ የማምለክና የመሰብሰብ ነፃነትን አረጋግጧል የሚለው እምነት በተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1787 በፊላዴልፊያ የተረቀቀው ሰነድ ግን ጥቂት መብቶችን ቢጠቅስም በዋናነት የመንግሥት አካላትን ሥልጣን የሚደለድል ነበር። ነፃነቶቹ የተካተቱት በ1791 በጸደቁት የመጀመሪያዎቹ 10 ማሻሻያዎች፣ ማለትም የመብቶች ድንጋጌ በሚባሉት አንቀጾች ሲሆን፣ እነርሱም ቢሆኑ የፌዴራሉን መንግሥት እንጂ ግዛቶችን እንደማያስገድዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1833 በይኖ ነበር፤ አብዛኞቹ ግዛቶችንም ማስገደድ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

የመናገር ነፃነት ከማንኛውም አካል ይከላከላል የሚለውም አመለካከት ስህተት ነው። 1ኛው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን በመሆኑ፣ የግል ቀጣሪ ሠራተኛውን በንግግሩ ምክንያት ቢያሰናብት ሌላ ሕግ ሊከለክለው ይችል እንደሆነ እንጂ ሕገ መንግሥቱን ጣሰ አይባልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የመንግሥት አካል ስለሆነ፣ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው በመምጣታቸው የታገዱ የአዮዋ ተማሪዎች በ1969 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትተዋል።

ከሁሉም የከፋው መብቶቹ የዜጎች ብቻ ናቸው የሚለው ግምት ነው፤ ስደተኛው የራሱን መብት ሳይጠይቅ እንዲተው ያደርገዋልና። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1880 በእንጨት ቤት የሚሠራ ላውንደሪ ሁሉ ከሹማምንቱ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ነበር። ደንቡ ስለ ዘር አንዳች የሚናገረው አልነበረም፤ ሲፈጸም ግን ያመለከቱት 200 ያህል ቻይናውያን በሙሉ ሲከለከሉ፣ ቻይናውያን ካልሆኑት 80 ያህል አመልካቾች ከአንድ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። በዪክ ዎ ስም በሚታወቀው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1886 በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ ግዛቶች ሰውን ሁሉ በእኩልነት እንዲጠብቁ የሚያዘው 14ኛው ማሻሻያ ዜጋ ያልሆነንም እንደሚጨምር፣ በጽሑፉ ንጹሕ የሚመስል ደንብም በአድልዎ ከተፈጸመ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ አረጋገጠ።

ስለዚህ በሚኒሶታም ሆነ በቨርጂኒያ የሚኖር ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ በወንጀል ተጠርጥሮ በፖሊስ ሲያዝ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብቱ እንደ ዜጋው የተጠበቀ ነው። የፌዴራል ምርጫ ግን ለዜጎች ብቻ የተተወ በመሆኑና ዜግነት ሳያገኙ ድምፅ መስጠት ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ስለሚችል፣ የመራጭነት ምዝገባ ቅጽ የቀረበለት ማንኛውም ሰው የዜግነት ጥያቄውን ሳያነብ ሊፈርም አይገባም።