እርግዝና የሚያበርደው፣ ወሊድ የሚቀሰቅሰው

አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመገጣጠሚያ ብግነት የሚሠቃዩ ሴቶች ሲያረግዙ ሕመማቸው እንደሚበርድላቸው፣ ከወሊድ በኋላ ግን እንደሚያገረሽባቸው አስተዋለ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው ማስታገሻ ይኖራል ብሎ ጠረጠረ። ፍለጋው በ1948 ኮርቲሶን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ብግነት ታማሚ እንዲሰጥ አበቃ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የኖቤል ሽልማት ተጋራ። መድኃኒቱ ዓለምን ሲያዳርስ ከመነሻዎቹ አንዱ የነበረው የሴቶች የሕይወት ዑደት ግን ከሕክምናው ጠርዝ ላይ ቀረ።

ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች ብዙዎቹ ታማሚዎች ሴቶች ናቸው፤ በሉፐስ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ። ከዚህ ተነሥቶ «ጥፋቱ የኤስትሮጅን ነው» ማለት ይቀላል፤ ማስረጃው ግን እንዲህ አይልም። ነጭ የደም ሴሎች የኤስትሮጅን መቀበያ አላቸው፤ ምላሻቸው ግን እንደ ሴሉ ዓይነትና እንደ ሆርሞኑ መጠን ይለያያል። በእርግዝና መገባደጃ ሆርሞኖቹ ሲያሻቅቡ አጥቂ ቲ ሴሎች ረገብ ይላሉ፣ ተቆጣጣሪዎቹም ይበረታሉ። በ1998 የወጣ፣ በ12 የአውሮፓ አገሮች መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸውን 254 ሴቶች የተከታተለ ጥናት፣ ከእርግዝና በፊት በዓመት 0.7 የነበረው የማገርሸት መጠን በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ወደ 0.2 መውረዱን፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ደግሞ ወደ 1.2 ማሻቀቡን አሳየ። ቢ ሴሎችና አንቲቦዲ በሚያይሉበት ሉፐስ ግን ኤስትሮጅን መወገድ የነበረባቸውን ቢ ሴሎች ዕድሜ ሊያራዝም ይችላል፤ እርግዝናም በሽታውን ሊያባብስ ይችላል።

ጥፋተኛ ፍለጋው ዋጋ አስከፍሏል። የሉፐስ ታማሚዎች በስጋት ብቻ ለዓመታት ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ተከልክለዋል፤ በሽታው በተቀሰቀሰበት ወቅት የሚመጣ ያልታቀደ እርግዝና ግን ለእናትም ለፅንስም የከፋ አደጋ ነው። በ2005 የወጣ ሙከራ በሽታቸው በተረጋጋ ሴቶች ላይ እንክብሉ ማገርሸትን እንዳልጨመረ አረጋገጠ፤ ደም የማርጋት ዝንባሌ ያለባቸው ግን ዛሬም ሊርቁት ይገባል።

ነገሩ ሁሉ የኤክስ ክሮሞዞም ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ሁለት ኤክስ ይዘው የሚወለዱ ወንዶች ከሌሎች ወንዶች በብዙ እጥፍ ለሉፐስ ይጋለጣሉ። ሆኖም ክሮሞዞም ከእርግዝና በፊትም በኋላም ያው ነው፤ በወራት ውስጥ ከ0.2 ወደ 1.2 የሚደረገውን ዝላይ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። ስለዚህ የነርቭና የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ለአዋላጅ ብቻ መተው የለባቸውም፤ የክትትል ቀጠሮው እናትየው ሳትወልድ መያዝ አለበት።