የሆርሞን ምርመራ፦ ለምን? መቼ? ለማን?

ከጥቂት ወራት በፊት የአገራችን ልጆች የሆኑ ባልና ሚስት አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው መጡ። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አልወለዱም። በወረቀቱ ላይ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን «ዝቅተኛ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሚስቲቱም መካን ነኝ ብላ ደምድማለች። ደሙ የወር አበባዋ በመጣ በስንተኛው ቀን እንደተወሰደ ብጠይቃት «በዘጠነኛው» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ግን ይህ ሆርሞን በጤነኛ ሴትም ደም ውስጥ ዝቅተኛ ነው። ባልየውን «አንተስ ተመረመርህ?» ስለው ዝም አለ። ይህን ጽሑፍ በሁለቱ ፈቃድ ለማቅረብ የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሆርሞን ማለት በሰውነታችን ያሉ ዕጢዎች ወደ ደም የሚለቁት፣ ለሌላ የሰውነት ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ከአንጎል ሥር የሚገኘው፣ የአተር ፍሬ የሚያህለው ፒቱታሪ ዕጢ ኤፍ ኤስ ኤች እና ኤል ኤች የተባሉ ሆርሞኖችን ይልካል። እነዚህ በሴት እንቁላል እንዲጎለምስና እንዲለቀቅ፣ በወንድ ደግሞ ዘርና ቴስቶስቴሮን እንዲመረት ያዛሉ። እንግዲህ ለወንድም ለሴትም አዛዦቹ ሆርሞኖች አንድ ዓይነት ናቸው።

ብዙዎቹ የሚለኩት በናኖግራም፣ ማለትም በግራም አንድ ቢልዮንኛ ነው። ይህን ያህል ጥቂት መጠን በትክክል ለመለካት መንገድ የከፈቱት ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ዘዴያቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነበር። ያሎው በ1977 ስለዚሁ ሥራዋ የኖቤል ሽልማት ስትቀበል በርሰን ግን በ1972 ሞቶ ነበር።

መለኪያው ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ደሙ ያለጊዜው ከተወሰደ ውጤቱ ያሳስታል። ኤፍ ኤስ ኤች እና ኢስትራዲዮል ዘወትር የሚለኩት የወር አበባ ከጀመረ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ፕሮጄስትሮን ደግሞ እንቁላል መለቀቁን ለማወቅ የሚለካው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ያህል ሲቀረው ነው፤ በ28 ቀን ለሚመላለስባት ሴት በ21ኛው፣ በ35 ቀን ለሚመላለስባት በ28ኛው ቀን መሆኑ ነው። የወንድ ቴስቶስቴሮን ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቢቻል ምግብ ሳይቀመስ ይወሰዳል። ዝቅ ካለም በሌላ ቀን ጠዋት መደገም አለበት። ፕሮላክቲን በጭንቀትና በአንዳንድ መድኃኒቶች ከፍ ይላል። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚንም የአንዳንድ መሣሪያዎችን ንባብ ያዛባልና ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ምርመራው የሚያስፈልገው ምክንያት ሲኖር ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ወይም ሲዛባ፣ ያላጠቡ ጡቶች ወተት ሲያወጡ፣ የወንድ የወሲብ ፍላጎት ሲጠፋ፣ የታይሮይድ ሕመም ሲጠረጠር ሐኪም ያዝዛል። በአንጻሩ ከ45 ዓመት በላይ ሆና የወር አበባዋ እየራቀ ሰውነቷን ሙቀት ሙቀት ለሚላት ሴት ማረጥ መቃረቡን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ምርመራ አያስፈልጋትም፤ ምልክቶቹ ይበቃሉ።

ልጅ በመውለድ ረገድ ግን ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ነው። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክረው ያልተሳካላቸው፣ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር የሞከሩ ባልና ሚስት አብረው መመርመር ይገባቸዋል። መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሲሆን መርፌም ሕመምም የለውም። ሆርሞኑ የሚታየው በአብዛኛው ያ ውጤት ጉድለት ሲያሳይ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ «መካን» የምትባለው፣ ከጸበል ጸበል የምትንከራተተውና አንዳንዴም ትዳሯ የሚፈርሰው ሴቲቱ ናት። ወንዱ ሳይመረመር በእርሷ ላይ መፍረድ ግፍ ከመሆኑም በላይ መፍትሔውን ያዘገያል።

ወንድሞቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ ያስፈልጋል። ለጡንቻ ወይም ለወንድነት ተብሎ የሚወጋው ቴስቶስቴሮን የፒቱታሪን ትእዛዝ ስለሚያፍን የዘር ምርትን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ሊያቆምም ይችላል። ልጅ የሚፈልግ ሰው በራሱ ፈቃድ ሊጀምረው አይገባም።

ስለዚህ ወደ ላቦራቶሪ የምትሄዱ ሁሉ የወር አበባ የጀመረበትን ቀን፣ ደም የተሰጠበትን ሰዓትና የምትወስዱትን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ውጤቱንም ከሐኪም ጋር ሆናችሁ ተመልከቱ።

የሚስቲቱ ምርመራ በትክክለኛው ቀን ሲደገም እንቁላል መለቀቁን አሳየ። ባልየውም ከብዙ ማመንታት በኋላ ተመርምሮ አሁን ሕክምና ላይ ነው።